ከአዳራሹ ይልቅ ጎተራው፦ በባሮ ወንዝ ዳርቻ ስለ ቆሙ ቤቶች

ቤት የሰው ልጅ ከብርድና ከሐሩር የሚጠለልበት ጣራና ግድግዳ ነው። ከዚህም በላይ ቤት በአንድ ዘመን ማን እንደ ሠራና ማን እንደ በላ፣ ማን እንደ ተሸከመና ማን እንደ ቆጠረ በእንጨት፣ በድንጋይና በጭቃ የተጻፈበት ሰነድ ነው። ይህን ሰነድ ለማንበብ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአዳራሹ ነው። አዳራሽ ግን ለእንግዳ ዓይን የተሠራ ነው። ያጌጠውም፣ የተወለወለውም፣ ምንጣፍ የተነጠፈበትም እንዲታይ ነው። የጌታው ኃይል የሚገኘው ከአዳራሹ ጀርባ፣ እንግዳ በማይገባበት በጎተራው ውስጥ ነው። ጎተራው ምን ያህል ይይዛል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? የሚከፈተውስ መቼና ለማን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የጠየቀ ሰው የቤቱን ታሪክ በትክክል መረዳት ይችላል።

በዛሬው ጽሑፋችን በእነዚህ ጥያቄዎች እየተመራን በባሮ ወንዝ ዳርቻና ወደዚያ በሚያወርደው መንገድ ላይ የቆሙትን ሦስት ዓይነት የጌታ ቤቶች እንመረምራለን። አንደኛው የደጋው ባላባት ግቢ ነው። ሁለተኛው የአኙዋ የመንደር አለቃ አደባባይ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ በጋምቤላ በውጭ መንግሥት አስተዳደር ሥር ለግማሽ ምዕተ ዓመት የቆየው የንግድ ጣቢያ ነው።

የደጋው ግቢ

የደጋው ባላባት ግቢውን ለመቀለስ አስቀድሞ የሚመርጠው ጉብታ ነው። ከጉብታው ላይ ሆኖ የገባሩን ማሳ ያያል፤ ገባሩም ቀና ባለ ቁጥር የጌታውን ጣራ ያያል። ግቢው በአጥር ይከበባል፤ በሩ ላይ ዘበኛ ይቆማል። በውስጡ ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ ጌታው የሚያርፍበት እልፍኝ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና ጎተራው በየማዕረጋቸው ይደረደራሉ። በነቀምቴ የሚገኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትና በጅማ አጠገብ በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የዚህ ሥርዓት ከፍተኛ ምሳሌዎች ናቸው። ሁለቱም በእንጨት ሥራቸው የሚደነቁ ናቸው። ሁለቱም የሀገር በቀል ጠራቢዎችና አናጢዎች እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚመሰክሩ ቅርሶች ናቸው።

የአዳራሹን ግብር ያበላው ግን የአዳራሹ ጌታ አልነበረም። እህሉ፣ ማሩ፣ ቡናውና የዝሆን ጥርሱ ከገባሩ የተሰበሰበ ነው። ገባሩ አዝመራውን በሰበሰበ ማግስት ግብሩንና ዕዳውን ይከፍላል፤ ክረምት ሲገባና ጓዳው ባዶ ሲሆን ያንኑ እህል ሊበደር ወደ ጌታው በር ይመለሳል። የባላባቱ ኃይል በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባለው ጊዜ ላይ የተመሠረተ ነበር። እህሉን ከመከር እስከ ክረምት ማቆየት የሚችለው እርሱ ብቻ ነበርና። ገባሩ ጎተራ ባለመያዙ ጊዜን መያዝ አልቻለም፤ ጊዜን ያልያዘ ደግሞ ዋጋን አይወስንም።

የአኙዋ አደባባይ

ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ሰው 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁለት ይወርዳል። 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ወይና ደጋ ተነሥቶ በ500 ሜትር አካባቢ ወደሚገኘው ሞቃት ሜዳ ይደርሳል። አየሩ ይለወጣል፤ ቤቱም ይለወጣል።

የአኙዋ ቤት የሚሠራው ከሣር፣ ከእንጨትና ከጭቃ ነው። የክዳኑ ጠርዝ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ይህም ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ዝቅ ያለው ክዳን የቀትሩን ፀሐይ ከግድግዳው ያግዳል፤ በክረምት በነፋስ የሚገፋውን ዝናብ ይመልሳል፤ ወፍራሙ ሣርም ሙቀቱን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ሴቶቹ በግድግዳውና በወለሉ ጭቃ ላይ የሚቀርጹት ጌጥ ደግሞ ሥነ ጥበብ የሀብታም ቤት ብቻ ንብረት እንዳልሆነ ያስረዳል። ይህ ሕዝብ በድንጋይ ባለመገንባቱ «ታሪካዊ ሕንጻ የለውም» የሚል ሰው ቢኖር፣ ቅርስን የሚለካው በድንጋይ ክብደት ነውና መስፈርቱን ቢመረምር መልካም ነው።

በየመንደሩ የኳሮው፣ ማለትም የመንደሩ አለቃ፣ ግቢና አደባባይ ከሌሎቹ ተለይቶ ይታወቃል። ጎልማሶች በዚያ ይሰበሰባሉ፤ ክርክር በዚያ ይሰማል፤ ከበሮው በዚያ ይመታል። ሰው ወደ አለቃው ሲቀርብ ጎንበስ ብሎ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1935 በአኙዋ ምድር ተዘዋውሮ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ መንደርተኛው ለአለቃው እርሻ ያርሳል፤ አለቃውም በአንጻሩ አደባባዩ የመጣውን የማብላትና የማጠጣት ግዴታ አለበት። ጎተራው ያለው ሊከማችበት አልነበረም፤ ሊራገፍ ነበር። አለቃው ሰስቶ እጁን የሰበሰበ ወይም ደህይቶ ማብላት የተሳነው እንደሆነ መንደሩ ይነሣበታል፤ ከበሮውንና ዶቃውን ተቀብሎ ለሌላ የአለቃ ወገን ይሰጣል። ይህ ሽረት «አጌም» ይባላል።

ይህን ስንል የአኙዋን አደባባይ እኩልነት የሰፈነበት ገነት አድርገን ልናቀርብ አይደለም። አለቃና ተከታይ ነበረ፤ ጎንበስ የሚልና የሚጎነበስለት ነበረ። በተለይም ወደ አኮቦ ወገን ባሉት የመሳፍንት ቤቶች፣ የዝሆን ጥርስ እየተሸጠ ጠመንጃ መግባት ከጀመረ በኋላ የጌቶቹ ኃይል ከማብላት ይልቅ በማስፈራት ላይ እየተመሠረተ ሄደ። ቢሆንም አጌም የሚያስተምረን አንድ ቁም ነገር አለ። ጎተራውን ለተቆጣጠረ ሰው ሥልጣኑ ዘላቂ የሚሆነው ጎተራውን እስከ ከፈተ ድረስ ብቻ መሆኑን ይህ ሕዝብ በሥርዓት ደንግጎት ነበር።

የ1894ቱ ውል

ሦስተኛው ቤት ወደ ባሮ ዳርቻ የመጣው በወረቀት ነው። በ1890 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1898) በደጃዝማች ተሰማ ናደው የተመራ የኢትዮጵያ ጦር የባሮንና የሶባትን መስመር ተከትሎ እስከ ነጭ ዓባይ ደርሶ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 15 ሜይ 1902)፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን በአዲስ አበባ የድንበር ውል ተፈራረሙ። ውሉ በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች ላይ መስመር አሰመረ። በወንዞቹ ወዲህና ወዲያ ይኖር የነበረው የአኙዋና የኑዌር ሕዝብ ሳይጠየቅ ለሁለት ተከፈለ።

የውሉ አራተኛ አንቀጽ ለጉዳያችን ዋናው ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት በኢታንግ አካባቢ በባሮ ወንዝ ላይ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተወሰነ። መሬቱ የንግድ ጣቢያ ሆኖ የሚቆየው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስከ ቆየች ድረስ ነው። ለፖለቲካም ሆነ ለወታደራዊ ጉዳይ እንዳይውልም በግልጽ ተጻፈ። በሦስተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ያለ ስምምነት የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ ግዴታ ገቡ። ባሮ የሶባት ገባር ነውና በጋምቤላ በር ፊት ለፊት የሚያልፈውም ውኃ በዚሁ ግዴታ ተያዘ።

ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1904 በጋምቤላ ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየተነሡ በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ አድርገው ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዙ መመላለስ ጀመሩ። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ወረደ፤ ከሱዳን ጨውና የጥጥ ጨርቅ ወጣ። ግሪኮችና በዚያ ዘመን በጥቅሉ «ሶርያውያን» ይባሉ የነበሩ ነጋዴዎች በወንዙ ዳር መደብር ከፈቱ። በክልሉ ውስጥ የሱዳን መንግሥት ሹም ያስተዳድራል፤ ከክልሉ ውጭ የኢትዮጵያ ጉምሩክ ቀረጥ ይሰበስባል። ፖለቲካ አይነካም የተባለው ጣቢያ ሹም ስለ ድንበሩ ሁኔታ ለአለቆቹ የሚጽፍ የፖለቲካ ዓይን እንደ ነበረ የዘመኑ መዛግብት ያስረዳሉ።

መጋዘኑ እንደ ዙፋን

አሁን ወደ ቤቱ አሠራር እንግባ። የደጋው ግቢ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ገባሩ ማሳ ነው፤ የአኙዋ አደባባይ ፊቱን የሚያዞረው ወደ መንደሩ ነው። የጋምቤላው ጣቢያ ፊቱን ያዞረው ወደ ወንዙ ነው። በውሉ ላይ የወንዝ ፊቱ በሜትር ተለክቶ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነበር። አገሩና ሕዝቡ በስተጀርባ ቀሩ።

በእንግሊዞች ዘመን በሱዳን የወንዝ ወደቦች የተስፋፋው የአሠራር ስልት ይታወቃል። ከመሬት ከፍ ያለ ወለል፣ ወፍራም ግድግዳ፣ በዙሪያው ሰፊ በረንዳ፣ ከላይ የቆርቆሮ ክዳን ነው። ከፍ ያለው ወለል ከጎርፍና ከምስጥ ይከላከላል፤ በረንዳው ጥላ ይሰጣል። ቆርቆሮው ግን መመርመር ይገባዋል። በጋምቤላ ሐሩር ውስጥ ከሣር ክዳን ሥር የተቀመጠና ከቆርቆሮ ክዳን ሥር የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልገውም። ቆርቆሮ ሙቀትን ተቀብሎ ወደ ታች ያወርዳል። ሆኖም ቆርቆሮ እንደ ሣር በእሳት አይያያዝም፤ ምስጥ አይበላውም፤ በየዓመቱ አይታደስም። ለሰው የማይመቸው ክዳን ለዕቃ ይመቻል። የመጋዘን ጣራ የተመረጠው በውስጡ ለሚቀመጠው ቡና ነው።

መጋዘኑ የጣቢያው እምብርት የሆነበትን ምክንያት የሚያስረዳን የዓመቱ ወቅት ነው። ቡና የሚለቀመው ክረምት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከደጋው የሚያወርደው የጭነት መንገድም የሚደርቀው በበጋ ነው። ባሮ ግን በበጋ ይጎድላል፤ መርከብ ሊሸከም የሚችለው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሲሞላ ነው። መንገዱ ሲከፈት ወንዙ ይዘጋል፤ ወንዙ ሲከፈት መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ በበጋ የወረደው ቡና ለመርከቡ ወራት ያህል መጠበቅ ነበረበት። መጠበቅ የሚችለው ደግሞ መጋዘን ያለው ብቻ ነው። ከደጋ ወርዶ፣ ስንቁን ጨርሶ፣ በሬ የሚገዛበት ወይም ግብር የሚከፍልበት ገንዘብ የሚፈልግ ሻጭ በወንዙ ዳር አራት ወር ሊቀመጥ አይችልም። የሚሸጠው በዕለቱ በቀረበለት ዋጋ ነው። ባለ መጋዘኑ ግን ወንዙ እስኪሞላ ይጠብቃል። በደጋው ግቢ በመከርና በክረምት መካከል ያየነው የጊዜ ልዩነት እዚህም በበጋና በክረምት መካከል ተደግሟል።

ዕቃው በምን ወረደ? የመኪና መንገድ ከመሠራቱ በፊት በከብት ጀርባና በሰው ትከሻ ነው። በቆላው ያለው ገንዲ በሽታ በቅሎውንና አህያውን ይፈጃል፤ ከብት ባለቀበት የሰው ትከሻ ይተካል። የተሸካሚዎቹ ስም በየትኛውም ሕንጻ ላይ አልተቀረጸም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጆንያ ወደ መጋዘኑ የገባው በእነርሱ ጉልበት ነው። መጋዘኑን ሲያዩ እነርሱን ማሰብ የማይችል ሰው ሕንጻውን አየ ማለት አይቻልም።

ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ

ፋሽስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1936 የምዕራቡን ኢትዮጵያ ከያዘ በኋላ የጋምቤላ ንግድ የቀድሞ ስፋቱን አላገኘም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1941) የእንግሊዝና የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች ከተማዋን ከኢጣሊያ አስለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላም በደምቢዶሎ፣ በዚያ ዘመን አጠራር በሰዮ፣ ጄኔራል ጋዜራ ከነጦሩ እጁን ሰጠ። በመጨረሻም ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻነቷን ስትቀዳጅ «እስከ ቆየች ድረስ» የሚለው የውሉ ቃል ፍጻሜውን አገኘ፤ ጣቢያውም በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ቁልፉ ከለንደንና ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ተሻገረ።

ቁልፉ እጅ መለወጡ ብቻ ግን የጎተራውን ጥያቄ አይፈታውም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጎ የባላባቱን ጎተራ ከሥሩ ነቀለው። በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥትና ወደ ከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት አዛወረ። እነዚህ እርምጃዎች የጭሰኛውንና የቤት ተከራዩን ቀንበር ያቀለሉ ታላላቅ እርምጃዎች ነበሩ። ሆኖም በቀጠሉት ዓመታት የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታና በዝቅተኛ ዋጋ ከገበሬው እህል ሲሰበስብ፣ ገበሬው ያንኑ የድሮውን ጥያቄ እንደገና ጠየቀ፤ ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? ይህ አሠራር በ1982 ዓ.ም. ቀረ። በቀበሌ የተያዙት ቤቶችም ኪራያቸው ቢቀንስም ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረ ብዙዎቹ ጣራቸው አፈሰሰ፣ ግድግዳቸው ተሰነጠቀ። ጎተራ የሕዝብ ነው ተብሎ መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ ሕዝቡ ሒሳቡን አይቶ፣ ቁልፍ ያዡን ጠይቆ፣ ሲያስፈልግም መሻር መቻሉ ሌላ ነገር ነው። የአኙዋ ሽማግሌዎች ይህን ልዩነት ከብዙዎቻችን ቀድመው ያውቁት ነበር።

ምን ይደረግ?

ዛሬ ጋምቤላ የጋምቤላ ሕዝቦች ክልል ርእሰ ከተማ ናት። አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖውና ኮሞው፣ ከደጋ የመጣውም ወገን በአንድነት ይኖሩባታል። ከንግድ ጣቢያው ዘመን በባሮ ዳርቻ የተረፉትን የወደብና የመጋዘን ርዝራዦች በሚመለከት ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሲሰነዘሩ ይሰማል። አንደኛው «የባዕዳን ቅርስ ነውና ይፍረስ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ያ ጥሩ ዘመን ነበር» እያለ መርከቡንና በረንዳውን ብቻ የሚናፍቅ ነው። የመጀመሪያው ማስረጃውን ያጠፋል፤ ሁለተኛው ማስረጃውን ያስውባል። ሁለቱም ተሸካሚውን ይረሱታል።

ሌሎች ሕዝቦች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደ ፈቱት መመልከት ይጠቅማል። በሞስኮ የሚገኘው የኦስታንኪኖ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ለካውንት ሸረሜትዬቭ የተሠራ ነው። ከውጭ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል፤ ሥራው ግን በአብዛኛው እንጨት ነው። ያነጹትና ያስጌጡትም የካውንቱ ጭሰኞች የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1918 ሙዚየም ሲሆን አልፈረሰም፤ ዛሬም ስለ ቤቱ ሲነገር ፓቬል አርጉኖቭን የመሳሰሉ የእነዚያ ባለሙያዎች ስም ከካውንቱ ስም ጋር ይጠራል።

እኛም ይህንኑ ማድረግ እንችላለን። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታሪካዊ ሕንጻዎች እንዲመዘገቡና እንዲጠበቁ መሠረት ጥሏል። አዋጁ ሥጋና ደም የሚያገኘው ግን በነዋሪው ነው። የሠፈር ማኅበራት በየአካባቢያቸው ያሉትን አሮጌ ግንቦች፣ መጋዘኖችና ግቢዎች ለባህል መሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ ይችላሉ። ድንጋዩና ቆርቆሮው ለግል ሥራ እንዳይነቀል መጠበቅ ይችላሉ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የሰውን ምስክርነት መሰብሰብ አለባቸው። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ሰማንያ ሊደፍን የተቃረበ አዛውንት ነው። ድንጋይ አንድ ዓመት ቢጠብቅ ይጠብቃል፤ አዛውንት ግን አይጠብቅም። ከጎሬ ጆንያ ተሸክሞ የወረደ አባት፣ በወደቡ ጭነት ያወረደ አያት፣ በመርከቡ ዘመን በወንዙ ዳር ዓሣ የሸጠች እናት የነገሩትን የሚያስታውስ ሁሉ ቃሉ ዛሬውኑ ይጻፍ። አስተማሪዎችና ተማሪዎች በዚህ ሥራ ቢሰማሩ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ የበለጠ ይማሩበታል።

ከሕንጻዎቹ ጎን ለጎን የአኙዋ ቤት አሠራርም በቅርስነት መያዝ አለበት። ሣርና ጭቃ ፈርሶ ወደ መሬት ይመለሳል፤ የሚተርፈው የሚሠሩት እጆች ሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ ክዳን የሚከድኑትን ወንዶችና ወለል የሚቀርጹትን ሴቶች አስተማሪ አድርጎ ወጣቱ ከእነርሱ እንዲማር ማድረግ ቅርሱን ከነሕይወቱ መጠበቅ ነው።

እያንዳንዱ የማኅበር አባል ከእነዚህ ሦስት ቤቶች ለዕለት ሥራው የሚወስደው ትምህርትም አለ። ዛሬ የሸማቾች ማኅበር መደብር አለን፤ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ መጋዘን አለን፤ የዕድር ዕቃ ቤት አለን። እነዚህ የእኛ ጎተራዎች ናቸው። ገበሬው ምርቱን በመከር ወቅት በወደቀ ዋጋ ከመሸጥ የሚድነውና ሠራተኛውም በክረምት ከዋጋ ንረት የሚጠበቀው በእነርሱ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ አባል እጁን አውጥቶ ይጠይቅ፤ በመጋዘናችን ምን አለ? ቁልፉ በማን እጅ ነው? የሚከፈተውስ መቼና ለማን ነው? መልሱም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።